ቃሉ፣ መጋረጃውና ፈቃዱ፤ የዛርና የአስማት ልሳን ጥናት ከጎንደር እስከ ባሕሪ

1. መነሻ

በሱዳን ዐረብኛ «ባሕሪ» ማለት «ሰሜን» ማለት ነው። ቃሉ ከ«ባሕር» የተገኘ ሲሆን ወንዙ ወደሚፈስበት ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ያመለክታል። ከካርቱም ማዶ በሰሜን ያለችው ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ አንድ ላይ «ሦስቱ ከተሞች» ይባላሉ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በእነርሱ መካከል ነው። በወንዙ አቅጣጫ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ነገሮች መካከል የቋንቋ አጥኚን ይበልጥ የሚስበው ዛር ነው። በሱዳን ዛር ውስጥ «ሐበሽ» የሚባል የመንፈሳት ክፍል አለ፤ ሉሊያ ሐበሺያን የመሰሉ ስሞች ይጠሩበታል፤ ለእነዚህ መንፈሳት ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የ«ዛር» ቃል ምንጭ ራሱ አከራካሪ ነው። ኤንሪኮ ቼሩሊ ከአገው የሰማይ አምላክ ስም ጋር ሲያዛምደው፣ በዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ግን «ዛረ» (ጎበኘ) ከሚለው ግሥ እንደ መጣ ይነገራል።

የዛርና የአስማት ልሳን በጽሑፍ መዝገብ ውስጥ ከገባ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ይሁን እንጂ የዚህ መዝገብ ሕጋዊነት በቅጡ ተመርምሯል ለማለት አይቻልም። የሚነሣው ጥያቄ ዘወትር በሁለት ጫፍ የቆመ ነው፤ አንዱ ወገን «ምስጢር ነውና አይነካ» ሲል ሌላው «ዕውቀት ነውና ይገለጥ» ይላል። ይህ ሐተታ ጥያቄው ገና ከአነሣሡ የተሳሳተ መሆኑን፣ የባለ ልማዶቹ የራሳቸው ቃላትም የተሻለ አቀራረብ እንደሚያመለክቱ ለማሳየት ይሞክራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ሦስት ስሞች

በግእዝ «አስማት» የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። አማርኛ ቃሉን ሲወርስ ብዙ ቁጥርነቱን ረስቶ ነጠላ ስም አደረገው፤ «አስማተኛ» የሚለውንም ከእርሱ አረባ። የቃሉ ታሪክ ግን የልማዱን እምነት በግልጽ ይናገራል፤ ኃይሉ ያለው በስሞች ውስጥ ነው። «አርድእት» በተባለው መጽሐፍ ክርስቶስ ስውር ስሞቹን ለደቀ መዛሙርቱ ይገልጣል፤ «ልፋፈ ጽድቅ»ም ከሙታን ጋር የሚቀበር የስሞች መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያውን ኤኖ ሊትማን በ1904፣ ሁለተኛውን ዎሊስ በጅ በ1929 በምዕራቡ ዓለም አሳትመዋቸዋል። እንግዲህ ስሞቹ ለሕዝብ ከወጡ ረጅም ጊዜ አልፏል።

ሁለተኛው ስም ከሱዳን ይመጣል። በኢትዮጵያ ደብተራ የሚጽፈው፣ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠለው ጽሑፍ «ክታብ» ይባላል፤ ሥሩ «ከተበ» (ጻፈ) ነው። በሱዳን «ፈኪ» የሚባለው የቁርኣን ምሁር የሚያዘጋጀው፣ እንደዚሁ በቆዳ የሚሰፋው ጽሑፍ ግን «ሒጃብ» ይባላል፤ ሥሩ «ሐጀበ» (ጋረደ) ነው። ዕቃው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ ቋንቋ ስሙን ከጽሑፉ፣ ሌላው ከመጋረጃው ወሰደ። በሁለቱም ልማዶች ጽሑፉ የተጻፈው ሊነበብ አይደለም። በሱዳን «ምሓያ» በሚባለው ሥርዐት ደግሞ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የቁርኣን ቃል በውኃ ታጥቦ ይጠጣል። አብዱላሂ ኦስማን ኤል-ቶም በዳርፉር በበርቲ ሕዝብ ዘንድ ይህን ልማድ አጥንቶ በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ቃሉ ወደ ሰውነት የሚገባው በዓይን ሳይሆን በአፍ ነው። ስለዚህ «ጽሑፉ ተሰውሯል» ሲባል «አንባቢ ተከልክሏል» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ከመጀመሪያውም አንባቢ አልታሰበለትምና።

ሦስተኛው ስም «ደስቱር» ነው። ቃሉ ከፋርስ ወደ ዐረብኛ የገባ ሲሆን በግብፅና በሱዳን መንፈሳት ይኖሩበታል ወደሚባል ስፍራ የሚገባ ሰው «ደስቱር!» ይላል፤ ፈቃድ መጠየቁ ነው። በሱዳን የዛር መንፈሳት ራሳቸው በብዙ ቁጥር «ደሳቲር» ይባላሉ። መንፈሱ የሚጠራው እርሱ ዘንድ ለመግባት በሚጠየቀው ፈቃድ ስም ነው ማለት ነው።

ስም፣ መጋረጃ፣ ፈቃድ፤ ልማዱ ራሱን የሚገልጥባቸው ሦስቱ ቃላት እነዚህ ናቸው። የአጥኚዎች ክርክር ግን በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ መካከል ብቻ ይመላለሳል፤ ስሙ ይውጣ ወይስ መጋረጃው ይጠበቅ? ሦስተኛው ቃል ከውይይቱ ውጭ ቀርቷል።

3. የተገለጠ ግን ያልተከፈተ

የአማርኛው «ምስጢር» ሁለት ፍቺ አለው። በዕለት ተዕለት ንግግር የማይነገር ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን «አምስቱ አዕማደ ምስጢር» ለምእመናን ሁሉ የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው፤ ምስጢረ ሥላሴ፣ ምስጢረ ሥጋዌ፣ ምስጢረ ጥምቀት፣ ምስጢረ ቁርባንና ምስጢረ ትንሣኤ ሙታን። እዚህ ላይ «ምስጢር» ማለት የሚደበቅ ሳይሆን በሥርዐትና በተራ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ማለት ነው። ማንም ሊሰማው ይችላል፤ ሰምቶ ማስተማር ግን የሚችለው የተማረ ብቻ ነው።

ይህ ሁለተኛው ፍቺ በአስማቱም ዓለም ይሠራል። «ዐውደ ነገሥት» በአዲስ አበባ ታትሞ በየመጽሐፍ መደብሩ ሲሸጥ ኖሯል። ስሌቱ ስውር አይደለም፤ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በአበገደ ተራ ዋጋ ተሰጥቷቸው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ተገድፎ የሚተርፈው ቁጥር ኮከቡን ይናገራል። መደመር የሚችል ሁሉ የራሱን ኮከብ ሊቆጥር ይችላል። ሆኖም መጽሐፉ በመታተሙ ኮከብ ቆጣሪው ሥራውን አላጣም። ሰዎች የሚሄዱት ስሌቱ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ስሌቱን በእነርሱ ላይ ሊናገር የተፈቀደለትን ሰው ፈልገው ነው። ኅትመት ጽሑፉን አወጣ፤ ሥልጣኑን አላወጣም።

የዚህ ተቃራኒ የሚመስል፣ ለቋንቋ አጥኚም ይበልጥ የሚናገር ማስረጃ አለ። የክርስቶስ አምስቱ ችንካሮች ስሞች ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራና ሮዳስ ናቸው። እነዚህ «ሳቶር አሬፖ ቴኔት ኦፔራ ሮታስ» የሚለው፣ ከፊትም ከኋላም እኩል የሚነበበው የላቲን የፊደል አደባባይ ልጆች መሆናቸው ይታወቃል። በፖምፔይ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል፤ በኑቢያም በፋረስ የችንካሮቹ ስሞች ሆኖ በቅብጥ ጽሕፈት ተገኝቷል። በሳቶር፣ በሮታስና በቴኔት መጀመሪያ ላይ ያለው «ት» በግእዙ «ድ» ሆኗል፤ ቃላቱ በመንገዳቸው ያለፉበት አፍ ምልክቱን ትቶባቸዋል። ትርጉሙ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ መልኩ በዚህ ያህል ሊታወቅ የቻለው ለምንድን ነው? ስሞቹ በኢትዮጵያ የተጠበቁት በመደበቅ ሳይሆን በጸሎት ሰዓት በብዙ አፍ በገሃድ በመደገማቸው ነው። በየክታቡ ውስጥ ተሰፍተው የቀሩት ስውር ስሞች ግን ከቅጂ ወደ ቅጂ ሲለዋወጡ ይታያሉ፤ የሚያርማቸው ሰሚ የለምና። «ምስጢር ቃልን ይጠብቃል» የሚለው የተለመደ አባባል ቢያንስ በዚህ ረገድ ትክክል አይደለም።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚገኘው መደምደሚያ አንድ ነው። ግልጥነትና ስውርነት የቃሉ ባሕርያት አይደሉም፤ በቃሉና በተናጋሪው መካከል ያለ ግንኙነት ናቸው።

4. የጎንደር መዝገብ

በ1932 የማርሴል ግሪዮል የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ ጎንደር ሲደርስ ሚሼል ሌሪስ የዛር ጉባኤ ወዳለበት ቤት ገባ። ዋናዋ ባለ ዛር መልካም አያሁ ነበረች፤ ልጇ እማዋይሽም በጽሑፉ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላት። አስተርጓሚው አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ በዚያ የሚነገረውን በማስታወሻ ደብተር ያሰፍር ነበር። ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን በ1934፣ ስለ ዛርና ስለ ትያትርነቱ የጻፈውን ጥናት ደግሞ በ1958 አሳተመ። የዚሁ ተልእኮ የቋንቋ ባለሙያ ዴቦራ ሊፍሺትስ በ1940 የኢትዮጵያን የአስማትና የሃይማኖት ጽሑፎች አሳትማለች፤ እርሷ ራሷ ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ ተይዛ በአውሽቪትስ ተገድላለች።

የሌሪስ መዝገብ ትልቁ ብርታቱ ንግግሩን ከሁኔታው አለመለየቱ ነው። ማን ተናገረ፣ ለማን፣ ቡናው ከፈላ በኋላ ነው ወይስ በፊት፣ መሥዋዕቱን ማን ከፈለ፤ የኋለኛው ጥያቄ መልስ አንዳንድ ጊዜ ሌሪስ ራሱ መሆኑንም አይደብቅም። ትልቁ ድካሙም ከዚሁ ይወለዳል። የሴቶቹን ስም፣ የቤታቸውን ጣጣ፣ የቤተሰባቸውን ነገር ሳይጋርድ አወጣ። መንፈሳቱን ለማወቅ የተከፈለው ዋጋ የሰዎቹ መጋረጃ ነበር።

ዎልፍ ሌስላው የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1949 በመንፈስ የተያዙ ሰዎችን ልሳን የሚመለከት ጽሑፍ አሳተመ፤ በ1964 ደግሞ የኢትዮጵያን ስውር ልሳኖች፣ የነጋዴዎችንና የአዝማሪዎችን ጭምር፣ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ። እዚህ የሰዎቹ ሕይወት ለገበያ አልወጣም። ቃላቱ ግን ከተናጋሪያቸው ተለይተው በአሠራራቸው ተደረደሩ፤ በድምፅ ለውጥ የተሰወሩ፣ ትርጉማቸው የተዛወረ፣ በዙሪያ አነጋገር የተተኩ። ለሥርወ ቃል ጥናት ይህ ሥራ እስከ ዛሬ መሠረት ነው። ጉድለቱ የሚታየው ልሳኑ እንዴት እንደሚሠራ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። በዛር ንግግር የተያዘው ሰው የመንፈሱ «ፈረስ» ነው። ወንድ ዛር በሴት ላይ ሲወርድ በአፏ የሚናገረው እርሱ ነው። በአማርኛ ግን አንደኛ መደብ ጾታን አይለይም፤ «መጣሁ» ወንድም ሴትም ይለዋል። ስለዚህ የዛሩ ጾታ ከዛሩ አፍ አይሰማም። የሚሰማው ከመላሹ አፍ ነው፤ በፊቱ የተቀመጠችው ሴት ሆና ሳለ «ምን ትሻለህ?» ሲል። ዛሩ ታላቅ ሆኖ «ምን ይሻሉ?» ከተባለ ደግሞ ጾታው እንደገና ይሰወራል፤ ደረጃው ይገለጣል። የልሳኑ ዋና ሰዋስዋዊ ክስተት ያለው በስውሩ ቃል ውስጥ ሳይሆን ማንም በሚያውቀው በተራ አማርኛ፣ ያውም በሰሚው መልስ ውስጥ ነው። «ምስጢራዊ ቃላት» ብቻ የሚሰበስብ መዝገብ ይህን ሊይዝ አይችልም። በዚህ ዓይነት መዝገብ የተገለጠው ለባለ ልማዱ የሚጎዳው ክፍል ሲሆን፣ የቀረው ደግሞ ማንንም የማይጎዳውና ለሳይንሱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ክፍል ነው።

5. የካርቱም በር

ጃኒስ ቦዲ በ1989 ባሳተመችው ጥናት ከካርቱም በስተሰሜን በዓባይ ዳር ያለ መንደርን ዛር መርምራለች። መንደሩን «ሆፍሪያት» ብላዋለች፤ ይህ እውነተኛ ስሙ አይደለም። የመንፈሳቱን ስምና «ኹዩጥ» (ክሮች) የሚባሉትን ዜማዎቻቸውን ግን በስፋት አውጥታለች። ይህ ከሌሪስ ፍጹም ተቃራኒ ነው። እርሱ የሰዎቹን ስም አወጣ፤ እርሷ የሰዎቹን ስም ጋርዳ የመንፈሳቱን አወጣች። «አስማት» ማለት «ስሞች» በሆነበት ባህል ውስጥ የትኛው ስም ይሰወር የሚለው ምርጫ የአቀራረብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቦዲ ምርጫ የተሻለው ነው። የመንፈሳቱ ስሞች የጋራ ናቸው፤ በከበሮ እየታጀቡ በብዙ ሴቶች ፊት ይዜማሉ። የሴቲቱ ስምና የሕመሟ ታሪክ ግን የእርሷ ብቻ ነው።

የዚህን ምርጫ ክብደት የካርቱም ታሪክ አሳይቷል። በጥር ወር 1988 በካርቱም ስለ ዛር ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት ተካሄደ፤ ዛር ለአፍሪካ ባህላዊ ሕክምና ያለው አስተዋጽኦ ተመከረበት። ጽሑፎቹ በአይ. ኤም. ሉዊስ፣ በአሕመድ አል-ሳፊና በሰይድ ሑረይዝ አዘጋጅነት በ1991 በመጽሐፍ ወጡ። ዛር ከጓዳ ወጥቶ እንደ ሕክምና፣ እንደ ፎክሎርና እንደ ሴቶች ጥበብ በአዳራሽ ተከበረ። በ1989 ሰኔ ወር መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ እስላማዊ አገዛዝ ተተከለ፤ አገዛዙ ዛርን ከሃይማኖት ውጭ የሆነ ልማድ አድርጎ ስላየው በባለ ዛሮች ላይ ጫና በረታ። መጽሐፉ ሲወጣ የተወለደበት አየር ተለውጦ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዐውደ ጥናቱ ስሕተት ነበር የሚል አይደለም። ትምህርቱ ይህ ነው፤ በር በአንድ መንግሥት ዘመን ይከፈታል፤ የሚገባበት ሰው ግን የሚቀጥለውም መንግሥት ሊሆን ይችላል። የተሰጠ ፈቃድ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የታተመ ገጽ ግን ሁኔታ አያውቅም። «ደስቱር» የሚለው ልማድ ይህን ቀድሞ ተረድቶታል፤ ፈቃዱ አንድ ጊዜ ተጠይቆ አያበቃም፤ ደፉ በተረገጠ ቁጥር ይጠየቃል።

6. የዝምታ ዋጋ

ይህ ሁሉ ለዝምታ የቀረበ ጥብቅና ተደርጎ እንዳይወሰድ የዝምታም ዋጋ ሊቆጠር ይገባል። ምስጢር ደካማውን ብቻ አይጋርድም፤ በታማሚ ፍርሃት የሚነግደውንም ይጋርዳል። ዛሩ «ምስ» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ልኩ ካልታወቀ ጠያቂው ዛሩ ይሁን ባለ ዛሩ የሚለይ የለም። በደብተራው ዘንድም የክርስትና ስሙን የሰጠ ሰው በስሙ ምን እንደሚሠራበት አያውቅም። የልማዱ ደንብ በገሃድ ቢታወቅ፣ ምን ይጠየቃል፣ ምን አይጠየቅም፣ ማን ያስታርቃል የሚለው ቢጻፍ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው ታማሚው ነው።

ሁለተኛው ዋጋ መጥፋት ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ባሕሪ ከብርቱ ውጊያ ስፍራዎች አንዷ ሆነች፤ የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ መያዙ የተሰማው በ2025 መጀመሪያ ነው። ነዋሪዎቿ፣ በመካከላቸው የነበሩት ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በየአቅጣጫው ተበተኑ። የዛር ጉባኤ የሚቆመው በጎረቤት፣ በከበሮና በመሪዪቱ ዙሪያ ነው፤ ጎረቤት ሲፈርስ ክሮቹን የሚያዜም አፍ ይለያያል። ሆኖም መዝገብ ብቻውን መድኅን አይደለም። በግንቦት 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ከነመጻሕፍቱ ተቃጥሏል። ያልተጻፈው ከሰዎቹ ጋር ተሰደደ፤ የተጻፈው ከቤቱ ጋር ነደደ።

ስለዚህ «ይጻፍ ወይስ አይጻፍ» የሚለው ጥያቄ በሁለቱም በኩል በቂ መልስ የለውም። የሚበጀው ጥያቄ ምኑ፣ በማን ፈቃድና እስከ መቼ የሚለው ነው።

7. ለመዝገብ አያያዝ

ከላይ የታየው ማስረጃ መዝገቡን በሦስት ደረጃ ለመክፈል ያስችላል። የመጀመሪያው የልሳኑ ሰዋስውና የአጠቃቀም ደንብ ነው፤ የመደብና የጾታ ስምምነት፣ የአክብሮት አጠራር፣ የንግግር ተራ፣ ስም እንዳይጠራ የሚደረግበት የዙሪያ አነጋገር። ይህ በሙሉ ሊታተም ይገባዋል። ማንንም አያጋልጥም፤ ለአማርኛና ለሱዳን ዐረብኛ ንጽጽርም ሰፊ መስክ ይከፍታል። በዐረብኛ አንደኛ መደብ ግሡ ጾታን ባይለይም የባሕርይ ገላጩ ይለያል፤ የዛሩ ጾታ በጎንደር ከመላሹ ብቻ ሲሰማ በባሕሪ ከተናጋሪው አፍም ሊሰማ የሚችለው ለዚህ ነው። ልዩነቱ ሁለቱን መዛግብት ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ የሚታይ አይደለም።

ሁለተኛው የቃላቱና የዜማዎቹ ስብስብ ነው። ይህ ሊመዘገብ የሚገባው ከነፈቃዱ ነው፤ ማን እንዲለው የተፈቀደለት ነው፣ በምን ጊዜ፣ ፈቃዱን የሰጠችው ማን ናት፣ መልሳ ልትነሣው ትችላለች ወይ። መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ቃል የሥርወ ቃሉንና የንግግር ክፍሉን ምልክት እንደሚያኖር ሁሉ የፈቃዱንም ምልክት ማኖር አይሳነውም። ፈቃዱም ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከአስተርጓሚው ሳይሆን ጉባኤውን ከምትመራው ሴት ሊገኝ ይገባል። በጎንደርም በካርቱምም ይህ ሥርዐት ተጠያቂ የሚያደርገው እርሷን ነውና።

ሦስተኛው የሰዎች ስም ነው። ይህ አይታተምም። እዚህ ላይ ወቀሳው ለዛር አጥኚዎች ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ቤተ መዛግብት ያሉ የኢትዮጵያ ክታቦች በካታሎግ ሲመዘገቡ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይወጣል። ለካታሎግ ሠሪው ስሙ ጥቅሉን ከሌላው የሚለይበት ምልክት ነው። ለባለቤቱ ግን ጽሑፉ በሙሉ የተጻፈው ያንን አንድ ስም ለመከለል ነበር። ጠልሰሙ፣ የመላእክቱ ስሞች፣ መርበብተ ሰሎሞን ሁሉ በስፋት ሊጠኑና ሊታተሙ ይችላሉ፤ ይህ ለባለቤቱ ጉዳት የለውም። ከጥቅሉ ሁሉ ሊጋረድ የሚገባው አንዱ ቃል ግን በአብዛኛው ቀድሞ የሚታተመው ነው።

የቋንቋ ጥናት እስካሁን ምስጢርን እንደ ቃል ፈልጎታል፤ ባገኘውም ቁጥር እንደ ቃል አውጥቶታል። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ምስጢሩ ያለው በተናጋሪና በሰሚ መካከል ባለው ፈቃድ ውስጥ መሆኑን ነው። ፈቃዱን የሚመዘግብ ጥናት ምስጢሩን ሳያፈርስ ልሳኑን ያድናል፤ ቃሉን ብቻ የሚመዘግብ ግን ሁለቱንም ያጣል። ከባሕሪ የተበተኑት ዜመኞች ዛሬ በካምፕና በስደት ከተማ ሲገኙ መዝገቡ በድጋሚ የሚከፈትበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከመቅረጸ ድምፁ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ ባለ ልማዶቹ ራሳቸው በደፉ ላይ የሚጠይቁት የፈቃድ ጥያቄ ሊሆን ይገባል።